የምትተኛው ደወል

ምላሴ ከከዳችኝ ወዲህ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ እንደልቡ ያወራል። የማልናገር ስለሆንኩ የማልሰማም ይመስላቸዋል። እኔ ግን ዘመኔን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ስትሮኩ የተወልኝ ጆሮዬንና ግራ እጄን ነው። እጄም አንዴ ካነሳኋት ወዲያው ትወድቃለች፤ እንደገና ለማንሳት ብዙ ማረፍ አለብኝ።

ልጄ ኢንጂነር ናት። አልጋዬ ጠርዝ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ለጥፋልኛለች፤ ውስጧ የእጅ እንቅስቃሴ የሚያይ ቺፕ አለ። እጄን በፊቱ ሳሳልፍ ፎቅ ላይ፣ የልጄ ጠረጴዛ ላይ፣ ሙት የሚቀሰቅስ ደወል ይጮኻል። ችግሩ ባትሪው ነው፤ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሳጥኗን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ ስትነካካ ቆየችና ለእናቷ ታስረዳ ጀመር።

«ቺፑ ሁለት ሰዓት አለው፣ እማዬ። ሰዓት ስልሽ የግድግዳው አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራበት ምት ነው። ፈጣኑ ባትሪ ይበላል፣ ቀርፋፋው አይበላም። ክፍሉ ጸጥ ሲል ፈጣኑን አጥፍቶ እንዲተኛ አደረግኩት።»

«ተኝቶ ታዲያ እንዴት ያያል?» አለች እሜቴ። ሚስቴን እንዲህ ነበር የምጠራት፤ መጀመሪያ ለማብሸቅ ነበር፣ ኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ።

«የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ይቀሰቅሰዋል። ፈጣኑ ሰዓት ተነስቶ እስኪረጋ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ያያል። ምንም ካላየ ተመልሶ ይተኛል። አይታወቅሽም እኮ፣ ተመልከች!» ብላ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን አወናጨፈች። ደወሉ ጮኸ። እሜቴ አጨበጨበች። እንዳንቺ ማወናጨፍ ብችልማ ደወሉ ምን ያደርግልኝ ነበር፣ አልኩ በሆዴ።

ከምሳ በኋላ ልጄ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ፎቅ ወጣች። እሜቴ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፤ ውሃው ይንሿሿል፣ እሷ ታንጎራጉራለች። ድንገት ወንበር ሲገለበጥ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ወለሉን መታው። እንጉርጉሮው ተቋረጠ። ውሃው ብቻ ይፈሳል።

ጠበቅኩ። እሜቴ ብርጭቆ ቢያመልጣት እንኳ ብርጭቆውን የምትሰድብ ሴት ናት። አሁን ድምጿ የለም።

እጄን አነሳሁ። ሳጥኗ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፤ እጄ ግን ወዲያው ወደቀች። ደወል የለም። መብራቷም ጠፋች። እንቅልፋም! ልጄ ስትሞክረው እጇ ስለማያርፍ ቺፑ ፊቷ አንዴም ድብን ብሎ ተኝቶ አያውቅም። እኔ ስቀሰቅሰው ግን ነቅቶ የሚያየው ሌላ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ለሁለተኛ ማንሳት አቅሜ እስኪመለስ እሱ መልሶ ይተኛል። ለመጮህ ሞከርኩ። የወጣው ድምፅ ከትንፋሽ አይበልጥም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እጄ መውደቋ ካልቀረ፣ መውደቅም እንቅስቃሴ ነው። ችግሩ ቶሎ መውደቋ ነው። ቺፑ ነቅቶ እስኪረጋ አየር ላይ ካቆየኋት፣ ስትወድቅ ያያታል። ናፍጣ መኪናም በብርድ ጠዋት እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አትነዳውም።

መጀመሪያ ግን ማረፍ ነበረብኝ። እንዲህ ያለውን ዕረፍት ለጠላቴም አይስጠው። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችኝ ሴት ወለል ላይ ወድቃ እኔ ክንዴን ላስታምም! በገዛ ሥጋዬ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ጥርሴን ነክሼ አነሳኋት። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ቆዪ፣ ቆዪልኝ የኔ እናት፣ እያልኩ እጄን ለመንኳት። ትከሻዬ ተቃጠለ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መብራቷ ድርግም ማለቷን ትታ ቀጥ ብላ በራች፤ ቺፑ ነቅቷል። ለቀቅኳት።

ፎቅ ላይ ደወሉ ጮኸ።

ልጄ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። «አባዬ! ሠራ አይደል? አላልኩም?» ትራሴን አስተካከለች፣ ግንባሬን ዳበሰች። «ላብ በላብ ሆነሃል እኮ። ምን ላምጣልህ?» ዓይኔን በሩ ላይ ተከልኩ። «ሞቆህ ነው? ልክፈተው?» ደሜ ፈላ። እሷን አላይም አልኩ፤ በሩን ብቻ። እንባዬ ወረደ። ያኔ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ፤ የውሃውን ድምፅ ሰማችው።

«እማዬ?»

ሮጠች።

ጩኸቷን ሰማሁ፣ ከዚያ ቧንቧው ሲዘጋ፣ ከዚያ አምቡላንስ ስትጠራ። «ዓይንሽን ግለጪ፣ እማዬ፣ እኔ ነኝ» ትላለች ደጋግማ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ፤ መልሼ ደግሞ ለመንኩት።

ቆይቶ የእሜቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ግን የተቆጣ። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሰውዬውን ለማን ትተሽው መጣሽ?»

«እሱ ነው የላከኝ፣ እማዬ» አለች ልጄ።