ሰው ሲቀመጥበት ዝም የሚለው ፒካፕ

ሚጣ ነገ ማለዳ በፒካፑ ወንበርና ጠረጴዛ ጭና፣ ዳገት ቁልቁለቱን አልፋ ሌላ ከተማ ልታደርስ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አያቷ ግን፣ «ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም!» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

ፒካፑ ከሚጣ በዕድሜ ይበልጣል። ብቻዋን ስትነዳው ዝርርር ይላል፤ ጥርስ ያሳክካል። ሰው ይዛ ስትወጣ ደግሞ ጭጭ! መካኒኩ ሁለቴ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ቀስሮ ዞሯል። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አጠባብቆ፣ ሞተሩን ነካክቶ፣ በመጨረሻ «ጆሮሽን ታከሚ» ብሎ ሳቀባት።

«እስቲ እኔ ልስማው» አሉ አያት። መንገዱን ሙሉ የበሩን እጀታ ጨብጠው ሄዱ።

«ቀስ! ያንን ብስክሌት አየሽው?»

«እምዬ፣ እሱ እኮ ቆሟል።»

«የቆመ አይነሳም ያለሽ ማነው?»

ድምፅ የሚባል የለም። ሲመለሱ ሚጣ ሞተሩን ሳታጠፋ የግቢውን በር ልትከፍት ወረደች። አያትም ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ወረዱ።

ዝርርርር!

ደንግጠው ተመልሰው ተቀመጡ። ጭጭ። ወረዱ፤ ዝርርርር። መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ ጫን አደረጉ፤ ጭጭ። ለካ ሊያዳምጥ የመጣው ሁሉ እዚሁ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ሲያፍነው ኖሯል!

ሚጣ ከዛገው መቀርቀሪያ ጋር ትታገላለች፤ አላየችም። አያት እጃቸውን ሳያነሱ ቆሙ። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ልጅቷ ነገ እቤቷ ትውላለች፣ ሥራውን ሌላ ሹፌር ይወስደዋል፣ እሳቸውም እፎይ ይላሉ። ከዚያስ? ትናንት የጭነት ገመድ አስተሳሰር ስታሳያቸው ፊቷ እንዴት እንደበራ ትዝ አላቸው።

«ሚጣ! ነይማ ወዲህ!» ብለው እጃቸውን አነሱ።

መካኒኩ ተጠርቶ መጣ። ወንበሩ ሥር ጎንበስ ቢል፣ ከብሎኖቹ አንዱ ወልቆ ጠፍቷል፤ የወንበሩ እግር ወለሉን ይደበድባል።

«እኔው ተቀምጬበት! እማማ፣ ጋራዡን ላስረክብዎት እንዴ?»

«ወሬውን ተውና ሌላ ብሎን አስገብተህ አጥብቀው። ፍሬኑስ?»

«ደህና ነው።»

«ጎማውስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

«መሪውስ?»

«አሁን የሚንቀጠቀጡት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እማማ!»

ሚጣ ብቻዋን ሰፈሩን ዞራ መጣች። «የለም፣ እምዬ! ጠፋ!» አለችና፣ ሞተሩን አጥፍታ የአያቷን አፍ አፍ ታይ ጀመር።

አያት ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?»

«ጎህ ሲቀድ። ለምን?»

«ስንቅ ልቋጥርልሽ ነዋ! ደርሰሽ ሳትደውዪ ብትቀሪ ግን፣ ውርድ ከራሴ፣ ታክሲ ይዤ ነው የምከተልሽ።»