ሦስተኛው «ጥያቄ ያለው?»

የስፌት ቤቱ ቅድ አውጪ ጋሼ ጠመኔ ጨርቅ ሊያስቆርጡ ሲሉ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሁለት እጃቸውን ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ «ጥያቄ ያለው?» ይላሉ። ሠራተኛው በአንድ ድምፅ «የለም ጋሼ» ይላል። ሁለተኛም እንዲሁ፣ ሦስተኛም እንዲሁ። ከዚያ የኤሌክትሪኩ ቢላ ይነሳል፤ ቢላው ከተነሳ ወዲያ የሚተርፈው ጸጸት ብቻ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «አለኝ» ብሎ አያውቅም። የሚጠየቅ ጠፍቶ አይደለም። ነገሩ እንደ ሰላምታ ሆኖ ስለቀረ ነው፤ «እንዴት አደርክ» ላለህ ሰው የወገብህን ሕመም አትዘረዝርለትም።

ኮሌታ ከሠራተኞቹ አንዷ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሸሚዝና የኮት ኮሌታ ስትገጥም ስለኖረች ስፌት ቤቱ ውስጥ በዚያኛው የሚጠራት የለም። የስፌት መኪናዋ ያለው ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ቀን ከሌት ከማይጠፋ አምፖል በታች ነው። ከማቀርቀር ብዛት አንገቷ ወደ ግራ አልዞር ካለ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የመቁረጫው ጠረጴዛ ግን መስኮቱ አጠገብ ነው። እዚያ ሰው ቆሞ ይሠራል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ሲደክመው ውጭ ያለውን ዛፍ ይመለከታል። ኮሌታ ያንን ቦታ ትመኘዋለች። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጋሼ ጠመኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ግማሽ ሰዓት ያስተምራሉ፤ መማር ከጀመረች ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። የልብሱን ቅርጽ የያዘውን ካርቶን አጣጣሉን፣ ጠመኔ አያያዙን፣ ሁሉንም ከእሳቸው ነው የተማረችው።

ከሦስት ወር በፊት ሽማግሌው አንድ ኪስ አጣመሙ። ሬዲዮ የሚሉት ቁልፍ ተካይ፣ አፉ ሥራ ሲፈታ የማያውቅ ሰው፣ ከበሩ አካባቢ ሆኖ «ጋሼ ተሳስተዋል!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነበር። ጋሼ ጠመኔ ኪሱን ዝም ብለው አቃኑ፣ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ማንንም አላስተማሩም። መጥተው ይቆማሉ፣ ይስላሉ፣ ይሄዳሉ። ሬዲዮም እውነት ተናግሮ እንደ ሌባ ሲሽቆጠቆጥ ከረመ። ሥራ አስኪያጇ ይህን ሁሉ ሰምታለች፤ ሰምታም ኮሌታን ቢሮዋ አስጠራቻት።

«ጋሼ እያረጁ ነው» አለች። «አንድ ስህተት ደግሜ ካየሁ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ቀድመሽ ካየሽም ንገሪኝ።»

ኮሌታ ነገሩን ማታ ለታላቅ እህቷ አጫወተቻት። አብረው ነው የሚኖሩት። እህቷ ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአለቆቿን ስህተት እንዳለ እየገለበጠች በሰላም ጡረታዋ ላይ የደረሰች ሰው።

«ዝም ነው» አለቻት እህቷ። «ሲሳሳቱም ዝም፣ ከተሳሳቱ በኋላም ዝም። ማን ጠየቀሽ?»

«ማን ጠየቀሽ ካልሽ፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁት። ያውም ሦስት ጊዜ።»

እህቷ ሳቀች። ኮሌታ ግን አልሳቀችም።

ቀኑ ደረሰ። የመጣው ሥራ ለአንድ የሙዚቃ ጓድ ሠላሳ የከፋይ ኮት ነበር። ጨርቁ ልክ ለሠላሳ የሚበቃ ነው፤ ትርፍ የለውም፣ ዓይነቱም ሌላ ቦታ አይገኝም። ሥራ አስኪያጇ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆማለች። ለምን እንደመጣች ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከፋይ እንደ ድመት ጀርባ ነው፤ በአንድ በኩል ስትዳስሰው ይተኛል፣ በሌላው ይቆማል። ሌላውን ጨርቅ ሲያነጥፉት እያጣጠፉ ነው፤ አንዱ ድርብ ፊቱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች ይሆናል። ስለዚህ የእጅጌውን ካርቶን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብትስለው ቀኝና ግራው ራሱ ይወጣል። ከፋይ ግን ጸጉሩ እንዳይዛባ ሁሉም ድርብ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚነጠፈው። ያን ጊዜ አንዱን እጅጌ ከሳልክ በኋላ ካርቶኑን ገልብጠህ ሌላውን ትስላለህ። ካልገለበጥከው የሚወጣው ሁሉ የአንድ ወገን ነው።

ጋሼ ጠመኔ ጀርባውን ሳሉ፣ ደረቱን በቀኝም በግራም ሳሉ፣ ወደ እጅጌው መጡ። እየሳሉ ያስተምራሉ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ መስመራቸውም ቀጥ ያለ። አንዱን እጅጌ ሳሉ። ከዚያ እጃቸው ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ካርቶኑን ጎተት አድርገው እንዳለ ደገሙት። አልገለበጡትም።

ኮሌታ ቆጠረች። ስልሳ የግራ እጅጌ። ሠላሳ ሙዚቀኛ ሁለት ሁለት ግራ እጅ ካላበቀለ በቀር ያንን ኮት የሚለብሰው የለም። ዙሪያዋን አየች። አንዱ ጥፍሩን ይመለከታል፣ ሌላዋ ታዛጋለች። ሬዲዮ እንኳ ጣሪያውን እያየ ነው፤ ካለፈው ወዲህ ወደ ጠረጴዛው ማየት ትቷል።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ ጋሼ ጠመኔ።

«የለም ጋሼ።»

ኮሌታ ቢላውን አየች። ዝም ብትል ቢላው ይነሳል፣ ጨርቁ ይበላሻል፣ ነገ ጠረጴዛው የእሷ ነው። ማንም በምንም አይጠይቃትም። ተሳስተዋል ብትልም ጠረጴዛው የእሷ ነው፤ ጨርቁም ይተርፋል፣ ሥራ አስኪያጇም ታመሰግናታለች። ሁለቱም መንገድ ወደ መስኮቱ የሚያደርስ ሆኖ ሳለ እግሯ ለምን እንደከበዳት አልገባትም። ጠመኔውን ጣቷ መሃል አስገብተው ያስያዟትን ቀን አስታወሰች። ማስታወሷ ራሱ አናደዳት፤ አሁን የዚህ ጊዜ ነው እንዴ?

«ጥያቄ ያለው?»

«የለም ጋሼ።» ቢላውን የያዘው ሰውዬ ማብሪያው ላይ ጣቱን አስቀመጠ።

«ጥያቄ ያለው?»

«አለኝ» አለች ኮሌታ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሼ ጠመኔ ራሳቸው የሰሙትን ያመኑ አይመስልም ነበር።

«ቀኝ እጅጌው በየት በኩል ነው የሚወጣው ጋሼ?»

«ከእጥፉ ራሱ ይወጣል» አሉ ሽማግሌው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሰሚ ነው የከረምሽው ልጄ?»

ሠራተኛው ሳቀ። ኮሌታ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር፤ ጠይቃለች፣ ተመልሶላታል፣ ከደሙ ንጹሕ ናት። እህቷ ብትሆን በዚህ ታቆም ነበር።

«ከፋይ ሲሆንስ?» አለች፤ ድምፅዋን የተማሪ አድርጋ። «ከፋይ ላይ አይቼ ስለማላውቅ ነው። በእጅዎ ቢያሳዩን ብዬ።»

ጋሼ ጠመኔ መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ። ወደ ፊት ዳሰሱት፣ ወደ ኋላ መለሱት። እጃቸው ቆመ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ኮሌታ ዓይኗን ከፊታቸው አንስታ መሬት መሬት አየች።

ሽማግሌው ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ፣ ሁለተኛውን እጅጌ በጨርቅ ጠረጉ፣ ካርቶኑን ገልብጠው እንደገና ሳሉት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስጠይቅ ዛሬ ገና አንድ ሰው ተገኘ» አሉ። «ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። ማን እንደሚያይ ልይ ብዬ።»

ክፍሉ በአንዴ ተነፈሰ። ሬዲዮ «እኔም አይቼው ነበር» አለ፤ የሰማው ግን የለም። ሥራ አስኪያጇ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ቢላው ተነሳ።

ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጇ ኮሌታን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

«ፈተና መሆኑን ታውቂ ነበር?»

ኮሌታ የሽማግሌውን ውሸት በአንድ ቃል ልታፈርሰው ትችል ነበር። «አዎ» አለች። «አልፎ አልፎ ያደርጉታል።»

«እኔ እኮ ደክመዋል ብዬ ነበር። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ከየት ይገኛል? በቃ፣ እሳቸው እዚያው ይቆዩ። አንቺም አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ።»

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ወደ መኪናዋ ተመልሳ አንድ ኮሌታ ገጠመች፣ ተጣሞባት ፈታችው። ሽማግሌውን ጠላቻቸው። ስህተታቸውን ይቅር ብላ ነበር፤ ያንገበገባት ውሸታቸው ነው። እሷ ያዳነችውን ክብር፣ እሷው በጠየቀችው ጥያቄ፣ የራሳቸው ብልሃት አድርገው ለበሱት።

ማምሻውን ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሼ ጠመኔ ወደ ግድግዳው መጡ። በሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጥግ ደርሰው አያውቁም መሰለኝ፤ አምፖሉን ቀና ብለው አዩና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ፈተና አልነበረም» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንደምታውቂ አውቄያለሁ።» ጠመኔውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እጄ ነው የሚቀድመኝ። አሁን አሁን ከሄደ በኋላ ነው የምደርስበት። ነገም ጠይቂኝ።»

ኮሌታ ቀና ብላ አየቻቸው። የሚያሳዝኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ ንዴቷም ገና አልበረደም። ሁለቱንም አብራ ያዘቻቸው።

«እጠይቃለሁ» አለች። «ግን ከዚህ ሆኜ መስመርዎ አይታየኝም። እዚያ ልቁም፣ በመስኮቱ በኩል። ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ።»

ሽማግሌው አንገቷን አዩ፣ አምፖሉን ደግመው አዩ። «ኮሌታውን ማን ይገጥማል?»

«ሌላ ሰው ያስተምሩ። ለዚህ አይደል እዚያ የተቀመጡት?»

ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም ነበር። ሳቃቸው አጭር ነው።

በማግስቱ ጋሼ ጠመኔ ከጠረጴዛው በስተግራ ቆሙ። በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ኮሌታ መጥታ ቆመችበት። ሥራ አስኪያጇ ስታልፍ አየችና የጋሼን ፈታኝነት አስታውሳ ነው መሰለኝ ፈገግ ብላ ሄደች። የዕለቱ ሥራ ተራ ሱሪ ነበር። መስመሩ ሁሉ ልክ ነው፤ ኮሌታ ሁለት ጊዜ ተከትላው አንድ እንከን አላገኘችበትም።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ ጋሼ ጠመኔ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አለኝ» አለች ኮሌታ። እግሩ ለምን እዚህ ጋ እንደሚጠብብ ጠየቀች፤ መልሱን ከአራት ዓመት በፊት ጀምራ ታውቀዋለች። ጋሼ ጠመኔ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጊዜ ወስደው መለሱላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየዕለቱ ትጠይቃለች። አንዳንድ ቀን ሽማግሌው ያስረዳሉ፣ አንዳንድ ቀን «ጎበዝ፣ እንድታዩት ነው» ብለው ጠርገው እንደገና ይስላሉ። የቱ ቀን የእውነት እንደተሳሳቱ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።