ዛሂዳ ካርታሄናን ስትጎበኝ

ኡዋይስ መሞቱን ከሚስቱ ከዛሂዳ በቀር ካምፓላ ያለን ሐበሾች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለሀጂ አብዱልወሀብ የደወለላቸው አብሮት የነበረ የደሴ ልጅ ነው። ካርታሄና ከምትባል የኮሎምቢያ የወደብ ከተማ ተነሥተው ወደ ፓናማ ሲሻገሩ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ኡዋይስን ባሕሩ አልመለሰውም። ሀጂ ስልኩን ዘግተው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹም መርዶ ያለ ሥጋ ዘመድ አይነገርም፣ ታላቅ ወንድሟ ከጅማ በአውቶቡስ እስኪደርስ ዝም ይባል አሉ። ሰውዬው ሞያሌ ላይ በወረቀት ምክንያት ተያዘ። ለሦስት ቀን የታሰበው ዝምታ ሳምንት አለፈው።

ከዝምታው ውስጥ ለእኔ የደረሰኝ ድርሻ ማስጎብኘት ነው።

ኦዊኖ ገበያ ጀርባ ስልክ እጠግናለሁ። ዛሂዳ እዚያው ገበያ ውስጥ የልጆች ሰልባጅ ትሸጣለች። ከኡዋይስ የደረሳት የመጨረሻ ፎቶ ካርታሄና መሀል ካለ መናፈሻ የተላከ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጣቱ ወደ ዛፍ ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። የሩቅ ከተማ ጎዳና በስልክ እንደሚታይ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው። ገበያዋን እንደዘጋች ትመጣለች፣ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፣ «በል ውሰደኝ» ትላለች።

ወሰድኳት። የድሮውን ግንብ ዞርን። ሰዓት በተሰቀለበት በር ገብተን በረንዳቸውን አበባ የሸፈነው ቢጫ ቤቶች አየን። ከበሩ ውስጥ ያለው አደባባይ ጥንት አፍሪካውያን በሰንሰለት እየመጡ ይሸጡበት እንደነበር አንብቤ ስለነበር ነገርኳት።

«ዛሬ ታዲያ በገዛ ቲኬታችን ነው የምንሄደው» አለች።

መጨረሻችን ሁልጊዜ መናፈሻው ነው። ጎብኚዎች በለጠፉት ፎቶ ላይ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል እንስሳ አለ፤ አንዱን እጁን አንሥቶ ሌላውን እስኪያስከትል ሰው ራሱን ተላጭቶ ይጨርሳል። ሳቀች። ኡዋይስም ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ሲቀሰቅሱት እንዲሁ ነው አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አንዱ አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ካሜራው የሰውን ፊት ሁሉ ስለሚያደበዝዝ ፊቱ አይለይም። «ትከሻው የእሱ ነው» ትላለች በየቀኑ። ሥዕሉ የተነሣበት ዓመት ጥግ ላይ ተጽፏል፤ ያኔ ኡዋይስ ገና እዚሁ ካምፓላ፣ ናካዋ ላይ በቦዳ ሞተር ሰው ያመላልስ ነበር። ጥጉን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ እይዛለሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ መናፈሻው ሳንደርስ አስቆመችኝ። ትናንት ኪቡሊ መስጊድ ነበረች። ከጁምዓው በኋላ ሬሳ የሌለበት የጀናዛ ሶላት ተሰገደ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አስረዳችኝ፤ ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ላልተገኘ ሰው እንዲያ ይሰገዳል። ሴቶቹም ፎቅ ላይ ሆነው ሰገዱ፣ እሷም አብራ ሰገደች። የማን እንደሆነ አልሰማችም። ቁልቁል ስታይ ግን ሐበሾቹ በሙሉ አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው፤ ሀጂ አብዱልወሀብ ፊታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

መርዶ ይቆያል፤ ሶላት ይቆይ ብሎ የሚደፍር ግን የለም። ሴቶች ፎቅ ላይ እንደሚሰግዱ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱም ትዝ አላለው።

«ዱዓ አደረግሁለት» አለችኝ። «የማንም ባል ይሁን፣ አላህ ይዘንለት አልኩ። ማን ነው ወልደየስ? አንተን እንደሁ ወሬ አያመልጥህ።»

«ዛሬ በባሕሩ በኩል እንዙር?» አልኩና ሥዕሉን ገፋሁት።

ስልኩን አላየችም። እኔን አየች። ቆይታ ሁለት መዳፏን ገልብጣ አየች። ረቡዕ ሂና ሞቃ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ፣ የሐዘን ጊዜዋ፣ እስኪያልቅ ሂና አትሞቅም።

«ስንት ቀኔ ነው?» አለች።

«ስምንት።»

አላለቀሰችም። ወንድሟ መንገድ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። እሱ እስኪደርስ ማወቋን ለማንም እንዳልተነፍስ አስማለችኝ። በስምንት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ምሥጢር መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያውን እንዴት እንደጠበቅሁ አይታ እንኳ አመነችኝ።

ወንድሟ እሁድ እግሩ አብጦ ገባ። ሰኞ ከሱብሂ በኋላ ተሰብስበን በሯን አንኳኳን። ቤቱ ተጠርጎ፣ እንግዳ እንደሚጠበቅ ሁሉ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ማንም ልብ አላለም። ወንድሟ ሁለት ድንበር ተሸክሞ የመጣውን ቃል ቀስ እያለ አወጣው፤ አንዳንድ ቦታ ሲጠፋው ቆም እያለ። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲጨርስ ጮኸች። የማስመሰል አልነበረም፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ያቆየችው ነው። ወንድሟ አቅፏት ተንሰቀሰቀ።

ሀጂ አብዱልወሀብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ፣ «ከሰው አፍ ሳትሰማ አቆየናት።»