ሦስተኛው ትርጉም

እናቱ ከሞተች ወዲህ የቤተ መጻሕፍቱ መዝጋቢ ከሰው ጋር የሚነጋገረው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱም "እዚህ ላይ ይፈርሙ" ከማለት አያልፍም። አንድ ቀን አለቃው ጠራውና፣ አንድ ተመራማሪ የቤተ መጻሕፍቱን ዝነኛ የመካከለኛው ዘመን ብራና ሊያጠና ስለሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሞቹን በሙሉ ፈልጎ እንዲዘረዝር አዘዘው።

ሁለቱን አገር ያውቃቸዋል፤ የታላላቅ ፕሮፌሰሮች ሥራ ናቸው። ሦስተኛውን ያገኘው ምድር ቤት፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ሥር ነው። በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ በሲባጎ የተሰፋ። የውሰት ካርዱ ላይ አንድም ስም አልሰፈረም።

ምሳውን እየበላ ገለጥ ገለጥ አደረገው። ብራናውን የገለበጠው ጸሐፊ በየኅዳጉ ለራሱ የጫጫረውን ሁሉ ፕሮፌሰሮቹ ዘለውታል፤ እዚህ ግን አንድም ሳይቀር ተተርጉሟል። "ቀለሙ ቀጥኗል።" "ጀርባዬን አሞኛል።" "ዛሬም የመጣ ሰው የለም።"

መዝጋቢው ማንኪያውን አስቀመጠ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዘ።

ተርጓሚዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ መሆናቸውን ከድሮ መዝገብ አገኘ፤ አድራሻቸውንም። ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ አንኳኳ። አሮጊቷ በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ቆጣሪ ልታነብ ነው?" አሉት።

"አይደለም እማማ። ትርጉምዎን አንብቤ ነው የመጣሁት።"

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያ "ግባ" አሉና አንዷን ወንበር ከልብስ ክምር አስለቀቁ።

"የኅዳጉን ጽሑፍ ሌሎቹ ለምን ዘለሉት?" ሲል ጠየቃቸው።

"እነሱ ምሁራን ናቸዋ፤ ቁም ነገር ነው የሚፈልጉት። እኔ ያኔ ባሌን ቀብሬ ነበር። ስምንት ዓመት ስተረጉም ከዚያ ጸሐፊ ሰውዬ ሌላ የሚያወራኝ አልነበረም።" ፈገግ አሉ። "ነጭናጫ ነው፤ ግን ተላምደን ነበር። አንብብልኝ እስቲ፣ ዓይኔ ደክሟል።"

ይዞት የመጣውን ትርጉም አነበበላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙት።

"እሷን ቃል ተሳስቻለሁ። ብርድ ሳይሆን ፍርሃት ነው የሚለው። አርማት ልጄ፣ አርባ ዓመት አሳፍራኛለች።"

በእርሳስ አረማት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመላለስ ጀመር።

ተመራማሪው ሁለቱን ዝነኞች ተውሶ፣ ሦስተኛውን ሳይነካው ሄደ። መዝጋቢው ይህን ሲነግራቸው አሮጊቷ "ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር?" ብለው ሳቁበት።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው አምስት አይሞላም። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ "ምናቸው ነህ?" አለችው።



"አንባቢያቸው ነኝ" አለ።