ፈንታነሽ ከክቡ ስትወጣ

በቢቸና ከተማ፣ በየኔታ ወልደ ሰንበት ግቢ በተተከለው የመልስ ዳስ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ በታማኝነት ሲያገለግል የቆየው ሞንታርቦ፣ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት ድምፁ ማረፉን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በታላቅ ሐዘን እናሳውቃለን። የየኔታ ልጅ የስጦታው ላፕቶፕም ባትሪው አልቆ አብሮት አርፏል።

ለሞንታርቦው ዳሱ ሁሉ አዘነ። ለላፕቶፑ ያዘነው ስጦታው ብቻ ነበር። ለእህቱ ሠርግ ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ልብ ይዞ ነው የመጣው። ኤሌክትሪክ በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በሒሳብ የሚያሳይ፣ እሱና የሞጣዋ ባልደረባው ነጅዋ ዓይናቸው እስኪቀላ የደከሙበት ሞዴል። ለአባቱ ሊያሳያቸው ነበር። የየኔታ ልብ ድንገት እየጋለበ ይጥላቸዋል። ሞጣ ያያቸው ሐኪም "አዲስ አበባ ይሂዱ፤ በቀጭን ሽቦ ገብተው ልብዎ ውስጥ አንዲት ነጥብ ያቃጥሉልዎታል፤ ይድናሉ" ቢላቸው፣ "ልቤን ጥብስ አላስደርግም!" ብለው ወደ ቅኔ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ።

"አሁን በምን ላሳያቸው?" አለ ስጦታው።

አብራው ለሠርጉ የመጣችው ነጅዋ ዳሱን ዞር ብላ ቃኘች። "ይሄ ሁሉ ሰው ተቀምጦ? ለምን የልብ ሕዋስ አናደርጋቸውም?"

ዘመድ አዝማዱን በክብ አቆመችው። "ሕጉ ቀላል ነው። ጎረቤታችሁ እስክስታ ሲመታ ትመታላችሁ። ከመታችሁ በኋላ ግን ትንፋሻችሁ እስኪመለስ፣ ማንም ቢመታ ንቅንቅ የለም።"

"ይሄን ሳልጠጣ ነው የምሰማው?" አለ ሙሽራው። ግን ጀመረ። እስክስታው በግራም በቀኝም ሄዶ፣ ከማዶ ተገናኝቶ ቆመ።

"ጤነኛ ልብ እንዲህ ነው፣ አባባ" አለ ስጦታው።

"እህ" አሉ የኔታ ከወንበራቸው ሆነው።

ሙሽራው ደገመ። ከጎኑ የቆመችው የየኔታ ታናሽ እህት ፈንታነሽ ግን በመጀመሪያው ዙር ትከሻዋን አላስተረፈችለትም ነበርና ገና ታለከልካለች። በእሷ በኩል የሄደው እስክስታ እዚያው ሞተ። በሌላው በኩል የሄደው ዳሱን ዞሮ ሲደርስ ግን ትንፋሿ ተመልሷል። ተቀበለችው፤ ለሙሽራው አሳለፈችው፤ እሱም ለቀጣዩ። እስክስታው መዞር ጀመረ፤ አልቆም አለ። ላብ ነው፣ እልልታ ነው፣ የወደቀ ነጠላ ነው።

"ኧረ አንድ በሉኝ!" ይጮኻል ሙሽራው። ትከሻው ግን ሕግ አክባሪ ነው።

የኔታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሡ። "ይኼ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሲነሣብኝ ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። በምን ይቆማል?"

"እትዬ ፈንታነሽን በማስወጣት" አለች ነጅዋ።

"እኔን? በገዛ ወንድሜ ቤት?"

ስጦታው አክስቱን ወገቧን ይዞ ከክቡ አወጣት። እስክስታው ዞሮ ዞሮ ክፍት ቦታዋ ጋ ሲደርስ፣ የሚቀበለው አጥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ሙሽራው አሁንም አንዴ መታ፤ እስክስታው በአንድ በኩል እስከ መጨረሻው ሄዶ በሰላም አበቃ።

የኔታ ክቡን በዓይናቸው ዞሩት። "ሌላው ሰው እንዳለ ነው?"

"እንዳለ ነው፣ አባባ። የወጣችው እትዬ ብቻ ናት።"

"ሐኪሞቹም ያችን ቦታ ብቻ ነው የሚነኩት?"

"ያችን ብቻ።"

በዚህ መሐል መብራት መጣ፤ ሞንታርቦውም ነፍስ ዘራ። ስጦታው ላፕቶፑን ሊሰካ ሲሮጥ አባቱ ክንዱን ያዙት።

"ተወው። ነገ በደጀን በኩል የሚወጣ መኪና ላይ ሁለት ወንበር ያዝ። አዲስ አበባ እንሄዳለን።"

ፈንታነሽ ኩርፊያዋን ረስታ ደረሰች። "ወንድም ጋሼ! ክረምቱን ሙሉ እግርዎ ላይ ወድቀን እምቢ ብለው፣ ዛሬ እኔ ስባረር ነው እሺ የሚሉት? ምን ቢያዩ ነው?"

አንዲት ቅኔ ለማብራራት ሳምንት የማይበቃቸው የኔታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ።

"አልናገርም" አሉ።