ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ

ሔርሜላ ያን ቀን ጠዋት የተቆጣችውን ቁጣ ጦሳ ተራራ ላይ ቢያሳርፉት ተራራው ቁጢጥ ይል ነበር። ከደሴ ሆጤ ተነስታ ኮምቦልቻ ያለው ቤተ ሙከራዋ እስክትደርስ፣ የሚኒባሱ ሾፌር እንኳ ሙዚቃውን ዘግቶ ነዳ።

ጥፋተኛው ዶክተር ሞላልኝ ነው፣ የክፍሉ ኃላፊ። ትናንት ደውሎ «ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ አንካሳዋ በቅሎ የምትወጋው ልባስ የሌለውን ብረት ነው» ብሎ፣ መልስ ሳይሰማ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው፤ አገር ምድሩ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን። ሔርሜላ ግን ብቻዋን የመቶ ሰው ሥራ ትሠራ ነበር። ከአንዲት አንካሳ በቅሎ መቅኒ ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም የተጎዳ አካል የሚጠግነውን ሕዋስ፣ አውጥታ ታራባለች፤ ከዚያ የብረት ቅንጣት ታበላዋለች። ቅንጣት ሲባል የወፍጮ ቤት ብናኝ እንዳይመስላችሁ! አንዲት የጤፍ ፍሬ መቶ ሺህ ቦታ ብትሸነሸን፣ አንዷ ሽንሽን ነች። ሕዋሱ ብረቱን ከዋጠ፣ የታመመው ጅማት ላይ በማግኔት ይዞ ማቆየት ይቻላል።

ጣጣው መዋጡ ላይ ነው። እርቃኑን የቀረ ብረት እርስ በርሱ ይቋጠራል። ልባስ ሲደረግለት ደግሞ፣ ልባሱ ከሳሳ መቋጠሩ አይቀርም፣ ከወፈረ ሕዋሱ ቀና ብሎም አያየው። ሔርሜላ ዓለም ላይ ያለ ልባስ ሁሉ ሞከረች፤ ሰባት ነበር፣ ሰባቱ ግን እንደ ሰባ ነው ያደከሟት። በስምንተኛው ወር ከባቲ ቆላ የመጣ የግራር ሙጫ ላይ ደረሰች። ያን ጊዜ ሕዋሱ ብረቱን እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ይጎርሰው ጀመር።

ቤተ ሙከራው ስትደርስ እንግዶቹ ቆመዋል፣ የጋዜጠኛው ካሜራ ተተክሏል። የበቅሎዋ ባለቤት ሼህ እንድሪስ ከቦሩ ሜዳ በአይሱዙ ጭነዋት መጥተው በር ላይ ልጓሟን ይዘዋል። ዶክተር ሞላልኝ ሁለት የሕዋስ ሳህኖች ብርሃን ላይ አንስቷል።

«ይኸው! ልባስ የሌለው እንደ ምጣድ ጠቁሯል። የሙጫው ፈዛዛ ነው። ታዲያ የቱ ነው ብዙ የዋጠው?»

«አልዋጠም! ላዩ ላይ ነው የተከመረው» አለች ሔርሜላ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«ወይዘሪት፣ ይህ በሪፖርት ተጽፎ ወደ ላይ ሄዷል።»

«እንግዲያው ሪፖርቱን ይውጓት!»

«ይህ ንግግር ግምገማ ላይ ይነሳል።»

«ይነሳ! ጎህ ሳይቀድ ይነሳ!»

«ቆይ፣ ልጄ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ያን ብትወጋ ምን ትሆናለች?»

«ጅማቷ ውስጥ ይቋጠራል፣ አባባ። ያብጣል። እግሯ አበቃለት ማለት ነው።»

«በምን ይለያል ታዲያ?»

«በማጠብ። ሦስቴ ታጥቦ ነው የሚታየው። እሳቸው ሳይታጠብ ነው ያዩት።»

«ሦስቴ? እንደ ውዱእ?»

«እንደ ውዱእ።»

ሼሁ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ! ወላሂ፣ እኔ ሳልታጠብ አንድ ረከዓ አልሰግድም፤ አንተ ሳታጥብ በቅሎዬን ልትወጋ? እጠቢው፣ ልጄ!»

አጠበችው። ከእርቃኑ ብረት ሳህን መጀመሪያ የወጣው ውሃ የክረምት ቦርከና ወንዝን ይመስል ነበር። በሁለተኛው ጠራ። በሦስተኛው ከሳህኑ ሥር ጋዜጣ ዘርግቶ ማንበብ ይቻል ነበር። የሙጫው ሳህን ግን ሦስቴም ታጥቦ፣ ያችው ፈዛዛ ቡኒ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«በቅሎዬ የምትወጋው ይህን ነው» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ካልሆነ ይዣት ልሂድ።»

ዶክተር ሞላልኝ ካሜራውን አየ፤ ፈገግ አለ። «እንደምታዩት፣ ልባሱ ወሳኝ ነው። እኔም ከመነሻው አቅጣጫ ያስቀመጥኩት ይህንኑ ነው።»

ሔርሜላ ደሟ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ። ሕዋሶቹን ከሳህኑ አላቃ በመርፌ እስክትስብ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ቁጣዋ ግን አንድ ስንዝር አልወረደም። በቅሎዋ እግር ሥር ስትንበረከክ መርፌው እንደ ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሉ ሼሁ።

«ከንዴት ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። የሱን ዕዳ በቅሎዬ ላይ እንዳታወርጂው። እሷ ምን አረገችሽ?»

ሔርሜላ መርፌውን መለሰች። ዓይኗን ጨፍና «በጌታ ስም» እያለች ተነፈሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ፤ እሷ ግድም አልሰጣት። ከዚያ እጇ ድንጋይ ሲሆን ወጋች። በቅሎዋ ጆሮዋን ብቻ ነቀነቀች።

ማግኔቱን ጅማቱ ላይ በጨርቅ አሰረች፤ ጓንቷን አወለቀች፤ ጋዜጠኛው ዕቃውን ሊሰበስብ ሲያጎነብስ ደረሰችበት።

«ካሜራውን እንዳትዘጋው» አለችው። «ዶክተር፣ ወዲህ ይምጡ። ያችን ስለ አቅጣጫ ያሏትን፣ እስኪ እኔን እያዩ ይድገሟት።»