የደመላሽ ብርጭቆ

ደመላሽ ጣሊያን ሲገባ ከመቀሌ ወደ ካርቱም ተሰዶ፣ ጣሊያን ሲወጣ የተመለሰ ጸሐፊ ነው። በተመለሰ በወሩ፣ መቀሌ የሚኖሩ የሸዋ ተወላጆች የሚካኤል ማኅበር ተራው የብርቄ ነበረና፣ ከጨው ገበያው ጀርባ እሷ ቤት ተሰበሰቡ።

ጠላው ሳይቀዳ ደመላሽ የስደቱን ወሬ ጀመረ። "አንድ የካርቱም ነጋዴ፣ 'እናንተ በአንድ ዋንጫ የምትጠጡ ቆሻሾች' ቢለኝ ጥርሱን አወለቅሁለት። ይቺን ጽዋ እያሰብኩ ስንት ቀን አልቅሻለሁ" አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ብርቄም ሆዷ ባባ።

ጽዋው ከማኅበሩ መሪ፣ ከሙሴው ከአቶ አገኘሁ ተነስቶ እየዞረ ደመላሽ ዘንድ ደረሰ። እሱ ግን ከኮቱ ኪስ ብርጭቆ አወጣ። "እትዬ ብርቄ፣ ለእኔ በዚህ ቅጂልኝ። ሃያ አፍ የነካው ነገር በሽታ ነው። ይሄ ሕዝብ መቼ ነው የሚሠለጥነው?"

የብርቄ ደም ፈላ። ያናደዳት ሐሰቱ አይደለም፣ እውነቱ ነው። የአቶ አገኘሁ ጢም ጠላው ውስጥ ሲነከር እያየች ስንት ዓመት ጠጥታለች። ይሄ ደግሞ እዚያ ሲሆን ውበቱን፣ እዚህ ሲሆን እድፉን ብቻ የሚያይ ዓይን ይዞ መጣላት።

ጽዋውን ተቀብላ ጓዳ ገባች፤ በአመድ ፈትጋ አጠበችና እስከ አፉ ሞልታ መለሰችለት።

"ይኸው ታጥቧል፣ ጠጣ" አለችው። "እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው፣ ወንድሜ። የዚያን ነጋዴ ጥርስ አንተ አወለቅህለት። ያንተን ማን ያውልቅልህ?"